ጉሬዛን ላድሳት ወይስ ልንዳት

በሃምሳዎቹ አጋማሽ ከሚሴ ላይ መኪና ቢበላሽባችሁ ኖሮ ወደ እኔ ነበር የምትላኩት። ጎበዝ ስለነበርኩ ሳይሆን ሌላ መካኒክ ስላልነበረ ነው። ታደሰ እባላለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሙያውን ኮምቦልቻ አንድ ጣሊያን ዘንድ ተምሬ፣ የዕቃ ሳጥኔን ተሸክሜ፣ ለጥቂት ወር ብዬ ከሚሴ ወርጄ ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ። ቤቴም ሥራ ቦታዬም ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረች።

ሥራዬ መለጠፍና ማሰር ነበር። ባሌስትራው የተሰበረ የጭነት መኪና እያነከሰ ይመጣል፣ አስርለታለሁ፣ እያነከሰ ይሄዳል፤ ዳግመኛ አላየውም። አንድ መኪና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጄ ሠርቼ "ይቺ የእኔ ሥራ ናት" ማለት በጣም ያምረኝ ነበር። ይህን አምሮቴን ያባባሰው ደሴ ትልቅ ጋራዥ ያለው አንድ ሰውዬ ነው። በከሚሴ ሲያልፍ የበየድኩትን ላሜራ በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ አንድ ሙሉ መኪና አድሼ ባሳየው የቦዲ ሥራውን ክፍል ለእኔ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሐጂ ይመር ያስጠሩኝ በዚህ መሐል ነው።

ሐጂ ይመር ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ወሬያቸውን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ ረጋ ያሉ ነጋዴ ነበሩ። ከጨፋ እህልና ቅቤ ወደ ባቲ ያወርዳሉ፣ ከባቲ ጨው ያመጣሉ። ግቢያቸው ውስጥ ከዋርካው ሥር በሰሌን ተሸፍና የቆመች መኪና እንዳለቻቸው ከተማው በሙሉ ያውቃል። ጣሊያን ሲወጣ አንድ የመንገድ ሥራ መኮንን በሁለት በቅሎ ለውጧቸው ነው ያገኟት። ጥቁር ሆና ጣሪያዋና የጎማ መሸፈኛዎቿ ነጭ ስለነበሩ ሰው ጉሬዛ ይላታል። ለብዙ ዓመት ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርዱት በእሷ ነበር፤ ከቆመች ግን አራት ዓመት አልፏል።

ሰሌኑን ገልጬ ሳያት መጀመሪያ አዘንኩ። የበሩ ሥር በጣቴ ብነካው ተፈረፈረ። ነጩ ቀለም ተላልጦ ዝገቱ ወጥቷል። ግን ቅርጿ፣ የፊት መብራቶቿ አቀማመጥ፣ ኮፈኗ ወደ ፊት ጠበብ እያለ የሚሄድበት አኳኋን፣ እንዲህ ያለ ነገር አሁን አይሠራም። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን በእጅ ሳዞረው እሺ አለኝ። ካንዴላዎቹ ቢጠረጉ፣ ካርቦራተሩ ቢታጠብ፣ በሁለት ቀን ትነሳለች።

ሐጂም የፈለጉት ይህንኑ ነበር። "የሚመጣው ሰኞ ባቲ ብታደርሰን ይበቃኛል" አሉኝ።

እኔ ግን ስለ ሰኞ ማሰብ አልቻልኩም። ደሴን ነበር የማየው። እንዲህ ያለችን መኪና በዝገቷ መንዳት ነውር እንደሆነ፣ ብሎን በብሎን ፈትቼ፣ የበሰበሰውን ቆርጬ፣ ከአስመራ ዕቃ አስመጥቼ፣ ቀለም ቀብቼ ከፋብሪካ እንደወጣች እንደማደርጋት ነገርኳቸው። ለድካሜ ምንም እንደማልፈልግ ነግሬ፣ ከመመለሴ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ደሴ ወስጄ እንዳሳያት ለመንኳቸው። ብዙ አወራሁ።

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አሉ።

ጊዜው ሚያዝያ ነው። "እስከ ጥምቀት" አልኩ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። "በጣም ፈልገኸዋል" አሉ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያው ሙያው ያንተ ነው። ቢስሚላህ ብለህ ጀምር።"

ይህ ረቡዕ ነበር። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሥራ ላይ ነኝ። መኪና መፍታት የጀመረ ሰው ማቆም አይሆንለትም። ኮፈኑን አወረድኩ፤ ወንበሮቹን አወጣሁ፤ የፊት ጎማ መሸፈኛዎቹን ቀለም ብረቱ እስኪታይ ፋቅሁ። የቀኙ በር ማጠፊያ ዝጎ አልላቀቅ ሲለኝ በመጋዝ ቆረጥኩት። ለእኔ ያ በር ከእንግዲህ እንደገና የሚሠራ ነገር ነበርና ምንም አልመሰለኝም።

ዓርብ ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ ቀለም ላስመርጣቸው ብዬ ቁራጭ ቆርቆሮ ቀብቼ ጠበቅኋቸው፤ ግማሹን ጥቁር፣ ግማሹን ደማቅ ቀይ። ሰጠኋቸው። ገልበጥ አድርገው ያዙት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። "ጥቁሩ ጥሩ ነው፣ እንደነበረች ትሁን" ብለው መለሱልኝ። ያዩት የነበረው ያልተቀባውን የቆርቆሮ ጀርባ ነው።

ቆሜ ቀረሁ። ሐጂ ወደ ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ወደ እኔ መጡ። እትዬ ዘሀራ የባቲ ልጅ ናቸው፤ የሐጂ የመጀመሪያ ሚስት ካረፉ በኋላ ያገቧቸው፣ ያኔ አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሁሉንም አይተዋል።

"ደሴ ሐኪም ዘንድ ሄደን ነበር" አሉኝ። "ሁለቱም ዓይናቸው እየጠፋ ነው። አሁን ፀሐይ ሲኖር ትንሽ ትንሽ ያያሉ። ከክረምት በኋላ ግን አትጠብቁ ብለውናል።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"እኔም ጠየቅኋቸው። ለልጁ የመጀመሪያው ነው፣ ለእኔ የመጨረሻዬ፤ የሱ ይቅደም አሉኝ።"

ከዚያ ስለ ባቲ ነገሩኝ። ሙሽራ ሆነው ወደ ከሚሴ የመጡት በዚያች መኪና ነው። መንገዱን ሙሉ ፊታቸውን ተሸፍነው ኋላ ተቀምጠው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው ባላቸውን አላዩም፤ ባላቸውም እሳቸውን አላዩም። አሁን ሐጂ ብርሃናቸው ሳይሄድ ያንን መንገድ አንድ ጊዜ እየተያየን እንሂደው ብለዋቸው ነበር። የሰኞው ጉዳይ ይኸው ነው።

እትዬ ዘሀራ ገብተው እኔ በተፈታው ዕቃ መሐል የዕቃ ሳጥኔ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም። መጀመሪያ የመጣብኝ ደሴ ነው። ፈቅደውልኛል፣ አላስገደድኳቸውም፣ ማንም አይወቅሰኝም እያልኩ ራሴን ሳባብል ቆየሁ። በኋላ ግን የጥምቀትን ሰሞን አሰብኩት። መኪናዋ ሥራዋ አልቆ እንደ መስታወት ስታበራ፣ ሐጂ በሰው ተመርተው መጥተው፣ በእጃቸው ዳስሰው "ጥሩ ነው" ሲሉኝ ታየኝ። ተነስቼ ወንበሮቹን መመለስ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው መጡ። ሰኞ እንሄዳለን አልኳቸው።

"ዘሀራ ነግራሃለች" አሉ።

"አዎ።"

"ደሴስ?"

"ደሴ የትም አይሄድም" አልኩ። በሆዴ ግን ቁርጡን አውቄዋለሁ። ሰውዬው ቦታውን እስከዚያ ክፍት አድርጎ አይጠብቀኝም።

ሁለቱን ቀን እህል በአግባቡ ሳልቀምስ ሠራሁ። ሞተሯ እሁድ ከሰዓት አጓርታ ስትነሳ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ። የማይመለስ ነገር ግን ነበር። ማጠፊያውን የቆረጥኩት የቀኙ በር መግጠሚያ የለውም፤ በበሩ ፈንታ ወፍራም ገመድ በአግድም አሰርኩ። ሌላም ነገር አለ። የፍሬኑን ሽቦ ስመረምር ከኋላ በኩል አንድ ቦታ ላይ መላላጡን አየሁ። አዲስ ሽቦ ከሚሴ አይገኝም፤ ኮምቦልቻ ሄጄ ልምጣ ብል ሰኞ ያልፋል። ይይዛል ብዬ ተውኩት። ለማንም አልነገርኩም።

ሰኞ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ጀመርን። እኔ መሪው ላይ፣ ሐጂ በር በሌለው በኩል ከጎኔ፣ እትዬ ዘሀራ ከኋላ። ጨፋ ስንደርስ ጭጋጉ ከቦርከና ወንዝ ላይ እየተነሳ ነበር። ውሃና ሣር ፍለጋ ከአፋር የወጣው ከብት ሜዳውን ሞልቶታል። ሐጂ በገመዱ ላይ ወደ ውጭ ዘንበል ብለው ንፋሱ ፊታቸውን እየመታቸው ያያሉ። "በሩ ባይኖር ይሻላል፣ ሁሉም እዚሁ አጠገቤ ሆነልኝ" አሉ። አንዳንዴ የማያዩትን ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ፤ ደግሞ እኔ ያላየሁትን እሳቸው ያውቁታል። እዚህ ጋ ኩሬ አለ ይላሉ፣ ስናልፍ ኩሬ አለ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሽቦ የሚሸጡት ሱቆች ገና አልተከፈቱም ነበር፤ ነዳጅ ስንቀዳ የማውቃቸው ሾፌሮች ከበቡን። የመኪናዋ ግማሽ ፊት ቀለሙ ተፍቆ፣ በሯ በገመድ ሆኖ፣ ደሴ ወስደህ የምታሳያት ይቺን ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ። ቆቤን ዝቅ አድርጌ ነዳጁን መቅዳቴን ቀጠልኩ። ሐጂ ምንም ያልሰሙ መስለው ተቀምጠዋል።

ደጋንን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ነው ነገሩ የሆነው። ያንን መንገድ በተሳፋሪነት እንጂ ነድቼበት አላውቅም። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፤ እሱም የሚሠራው በዚያው ሽቦ ነው፣ ላላ ብሎ መጣ። ማርሹን ለመቀነስ ሞከርኩ፣ አንገራገረና አልገባም አለ። መኪናዋ መፍጠን ጀመረች። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ የተቆረጠ ኮረብታ።

"ሐጂ፣ ፍሬን የለንም" አልኩ።

አልጮሁም። "ብቻውን የቆመ ሾላ አልፈናል?" ብለው ጠየቁኝ።

"አሁን አለፍነው።"

"እንግዲያው ስማኝ። ሦስት ጠመዝማዛ አለ። ከሦስተኛው በኋላ ኮረብታው ያልቅና በቀኝ ግመሎች ወደ ደረቁ ወንዝ የሚወርዱበት መንገድ አለ፤ አሸዋ ነው። እዚያ ታገባታለህ።"

ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በሁለት እጃቸው ገመዱን ይዘው መንገዱን በልባቸው እየሄዱበት ነው። "ሚርጋ" አሉ። ሲደነግጡ ይሁን ሲያስቡ አላውቅም፣ ቋንቋቸው ወደ ኦሮምኛ ተመልሷል። ቀኝ ማለት ነው፤ ሦስት ዓመት ከሚሴ የኖረ ሰው ይህን አያጣውም። ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ፤ ጎማዎቹ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተቱ። "አሁን ቢታ፣ ቶሎ አትበል፣ ረጅም ነው።" ወደ ግራ። እውነትም ረጅም ነበር፤ ብቻዬን ብሆን ቀድሜ አጥፌ ገደሉ ውስጥ እገባ ነበር። ከኋላ እትዬ ዘሀራ ዱዓ ሲያደርጉ ይሰማኛል። "ሚርጋ ደግሞ። ይሄ ጠባብ ነው፣ ወደ ኮረብታው ተጠጋ።" ተጠጋሁ፤ የጎማ መሸፈኛዋ ከድንጋዩ ጋር እየተፋጨ አለፍን። "አሁን ክፍቱን ፈልግ።"

አየሁት። ሰፊ፣ ነጭ፣ በግመል ኮቴ የተረገጠ መውረጃ። መሪውን ወደ ቀኝ ጣልኩት። መኪናዋ ዘለለች፣ ወደ ታች ወረደች፣ አሸዋው ጎማዋን ያዛት፣ ተንገዳግዳ ቆመች። አቧራው ሸፈነን።

መጀመሪያ የሰማሁት የእትዬ ዘሀራን ድምፅ ነው። "ይመር፣ ደህና ነህ?" አሉ። አንተ ሲሏቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሐጂ ዓይናቸውን ገለጡ። ዞረው ወደ ኋላ አዩ። አቧራው ረግቶ ፀሐይዋ በቀኝ በኩል፣ በሩ በሌለበት በኩል ገብታ እትዬ ዘሀራ ፊት ላይ አርፋለች። ፊታቸው በሙሉ ነጭ አሸዋ ለብሷል። ሐጂ ለረጅም ጊዜ ሲያዩዋቸው ቆዩ። "አልሃምዱሊላህ" አሉ በለሆሳስ። "አሁን አየሁሽ።"

እኔ ወርጄ ጥቂት ራመድ ብዬ ሄድኩ፤ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ ዱላቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

"ሽቦው መላላጡን አይቼ ነበር" አልኳቸው። "ሰኞ እንዳይቀርብዎ ብዬ ነው የተውኩት።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣ "እኔም ዓይኔን ደብቄህ ነበር" አሉኝ። "አንተ ለእኔ ብለህ፣ እኔ ለአንተ ብዬ። ሁለታችንም ደግ ልንሆን ስንል ዘሀራን ልንገድላት ነበር። ከዛሬ ወዲያ እንነጋገር።"

ወደ ገበያ ግመል የሚነዱ አፋሮች ደርሰውብን፣ አንዱ ሽማግሌ ሐጂን በድምፃቸው ለይቷቸው፣ አምስት ሆነው ገፍተው አወጡን። ሽቦውን ቀጠልኩት፤ በዚያ ላይ ሳልተማመን በዝቅተኛው ማርሽ፣ ከግመሎቹ ኋላ ኋላ፣ በግመል እርምጃ ባቲ ገባን። ቀትር ሆኖ ነበር። ሐጂና እትዬ ዘሀራ ገበያው ከሚታይበት ኮረብታ ላይ ቆሙ። ሐጂ ያ የጨው ተራው ነው፣ ያ ግመል ተራው ነው እያሉ በዱላቸው ያመለክታሉ፤ የተሳሳቱትን እትዬ ዘሀራ ዱላውን ይዘው ወደ ትክክለኛው ቦታ ያዞሩላቸዋል። እኔ ራቅ ብዬ ጠበቅኋቸው። ሌሊቱን እትዬ ዘሀራ ወንድም ቤት አደርን፤ ማክሰኞ አዲስ ሽቦ አግኝቼ ሙሉውን ቀይሬ፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ፈትሼ ተመለስን።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ደሴ ያለው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሐጂ ዓይን እንደተባለው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ጉሬዛን እስከ መጨረሻው አላደስኳትም። ለነፍስ የሚያሰጋውን፣ ፍሬኗን፣ መሪዋን፣ ጎማዋን አንድም ሳላስቀር አስተካከልኩ፤ በሯንም ገጠምኩ። ዝገቷን ግን ተውኩላት፣ እስክትደክም ድረስም እየነዳሁ ባልና ሚስቱን ባቲ አመላለስኳቸው። አንድ ቀን ጨፋ መሐል ሞተሯ ቆመ፣ በዚያው አበቃ።

አንባቢዎቼ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ከእነዝገቷ ይንዳት ልላችሁ አይደለም። እንዲህ ብዬ ስነዳ ሦስት ሰው ልገድል ነበር። ትታደስ ልላችሁም አልችልም። እኔ ላይ የተለወጠው ሌላ ነው። ከዚያ በፊት ሰው መኪናውን ይዞ ሲመጣ ምን ሆነች ብዬ ነበር የምጠይቀው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የት ልትሄድባት አስበሃል እላለሁ፤ መልሱን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፤ ያየሁትንም ጉድለት ደስ ቢለውም ባይለውም ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። በዚህ ምክንያት የሄዱብኝ ደንበኞች አሉ። የቆዩትም አሉ፣ ከእነሱ አንዷ በኋላ ሚስቴ ሆነች፤ እሱ ግን የሌላ ቀን ወሬ አይደለም፣ የእኛ የሁለታችን ነው።

ደሴ ብሄድ ኖሮ እያልኩ የማስብባቸው ቀናት ነበሩ። አልዋሽም፣ ቆጭቶኝ ያውቃል። ሐጂ ይመር ያረፉ ጊዜ ለማጽናናት ስሄድ ግን እትዬ ዘሀራ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ብዙ ሰው ነበር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሩኝ።

"በጨለማ ስምንት ዓመት ኖሩ" አሉኝ። "በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ፊትሽ ጠፋብኝ ብለውኝ አያውቁም።"